ሰባት ሰው በአንድ ሶፍትቦክስ፦ ፍቅር ሐይቅ ዳር የተነሳ የምረቃ ፎቶ

ፍላሽን ከካሜራ አናት ላይ አውርዶ ሶፍትቦክስ (ብርሃኑን የሚያለሰልስ ባለ ነጭ ጨርቅ ሳጥን) ውስጥ መክተት ዛሬ ለአማተር ፎቶ አንሺ ሩቅ ነገር አይደለም። አንድ ፍላሽ፣ ፍላሹን ከካሜራው ርቆ የሚያበራ አንድ ትሪገር፣ አንድ ስታንድ፣ አንድ የሚታጠፍ ሶፍትቦክስ፤ አለቀ። ግን ዕቃው ከተገዛ በኋላ ብዙ ሰው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ለአንድ ሰው ፊት ግሩም ሆኖ የወጣው ብርሃን፣ ሰባት ሰው ሲደረደር ይከዳል። ጥፋቱ የዕቃው ይመስልና ትልቅ ፍላሽ መግዛት ያምራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳዩ የርቀት ነው። ብርሃኑ ከሰዎቹ ምን ያህል ይርቃል? ብዙዎቻችን ኃይሉን ስንቀያይር እንውላለን እንጂ ስታንዱን አንስተን አንራመድም።

ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ቀረጻ እዚሁ ሐዋሳ አጋጥሞኛል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስታንዱን ይዤ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ ነገሩን ከቅርብ አይቼዋለሁ። ፎቶ አንሺው ጓደኛዬ ነው። በሥራ ቀን ፋርማሲ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ካሜራ የሚይዘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። የተነሱት የአክስቱ ቤተሰቦች ናቸው። አስፈቅጄ ነው የምጽፈው፣ ስም ግን አልጠቅስም።

የተጠየቀው ነገር

የአክስቱ ልጅ ተመርቃለች። ቤተሰቡ የፈለገው አንድ ትልቅ ፎቶ ነው፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። ሰባት ሰው፦ ተመራቂዋ ጋውንና ቆብ አድርጋ፣ እናቷ፣ አያቷ፣ አጎቷ፣ ሁለት ወንድሞቿና ትንሿ እህቷ። የአክስቱ ቃል ይህ ነበር፦ «ሐይቁም ፀሐይዋም ከኋላችን ይታዩ፣ የሁላችንም ፊት ግን ቁልጭ ይበል።»

ሲሰሙት ቀላል ነው። ሐዋሳን የሚያውቅ ግን ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው ያለው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆመህ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ማየት ከፈለግህ ፊትህን ወደ ውኃው ነው የምታዞረው። ሐይቁንና ፀሐይዋን ከኋላህ አድርገህ ከተነሳህ ደግሞ ፊትህ ጥላ ውስጥ ነው። በስልክ ሞክሩት። ፊቱን ነክታችሁ ብታበሩት ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ሰማዩን ብትነኩት ሰዎቹ ይጠቁራሉ። መሀል ላይ ያለው ምርጫ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ማበላሸት ነው።

ስለዚህ ፊታቸው ላይ የራሱ ብርሃን ያስፈልጋል። ያለው ዕቃ ይህ ነበር፦ ካኖን 700ዲ፣ አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስ፣ አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አንድ ጎዶክስ ቲቲ600 ፍላሽ ከነትሪገሩ፣ ባለ 80 ሳንቲ ሜትር ስምንት ማዕዘን ሶፍትቦክስና አንድ ቀላል ስታንድ። ፍላሹ በአራት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው። ቲቲኤል የሚባለው፣ ካሜራው ራሱ ለክቶ የፍላሹን ኃይል የሚወስንበት አሠራር፣ የለውም፤ ኃይሉን ራስህ ነህ የምትወስነው። እንዲህ ላለ ፎቶ ደግሞ ይሄ እንደ ጉድለት መታየት የለበትም። ቲቲኤል የሚለካው ከፊቱ ያለውን ነገር ነው። ጥቁር ጋውን ሲያይ «ጨለማ ነው» ብሎ ኃይል ይጨምራል፣ ነጭ ነጠላ ሲያይ ይቀንሳል። ሁለቱ ጎን ለጎን በቆሙበት ፎቶ ላይ ከቀረጻ ቀረጻ የሚለዋወጥ ብርሃን ይሰጥሃል። በማኑዋል ግን አንዴ ያስተካከልከው እዚያው ይቆያል። ሌላም ጥቅም አለው። ቲቲኤል ለመለካት አስቀድሞ አንዲት ትንሽ ብልጭታ ይልካል፣ ያቺ ብልጭታ አንዳንድ ሰው በትክክለኛው ቅጽበት ዓይኑን እንዲጨፍን ታደርጋለች። ሰባት ሰው ባለበት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ሰማዩ

11 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታው ደረስን። ጓደኛዬ ፍላሹን ገና ከቦርሳው አላወጣም። መጀመሪያ የለካው ሰማዩን ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ ከዚያ የሰማዩ ቀለም ሞልቶ እስኪታይ ድረስ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ዘጋ። ኤፍ 11 ላይ ቆመ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል።

1/200 ለምን? የ700ዲ የሲንክ ገደብ እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ካሜራ ሸተሩ ሁለት መጋረጃ አለው። አንደኛው ይከፍታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። እስከ 1/200 ድረስ ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ የሚጋለጥበት አንድ ቅጽበት አለ፣ ፍላሹም በዚያች ቅጽበት ይበራል። ከዚያ በላይ ፈጣን ሲሆን ግን አንደኛው መጋረጃ ሳይጨርስ ሁለተኛው መንገድ ይጀምራል፣ ፎቶው ላይ ጥቁር ሰረዝ ይመጣል። የፍላሹ ብልጭታ ራሱ ከሸተሩ ያጠረ ነው። ለዚህ ነው ሸተሩ የሰማዩን ብርሃን ሲቆጣጠር የፍላሹን የማይነካው። አፐርቸርና አይኤስኦ ሁለቱንም ይነካሉ። የፍላሹ ኃይልና ርቀቱ ፍላሹን ብቻ ይነካሉ። ከዚህ ሌላ ቀመር የለም፤ የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ የተሠራው በእነዚህ ላይ ነው።

ሙከራው የተጀመረው በተመራቂዋ ብቻ ነው። ሶፍትቦክሱን ከፊቷ አንድ ሜትር ላይ፣ ከዓይኗ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ በጎን በኩል አቆመው። 50 ሚሊ ሜትሩን ገጠመ። ፍላሹ ሩብ ኃይል ላይ ሆኖ በኤፍ 11 ፊቷን በልኩ አበራው።

የመጀመሪያውን ፎቶ በካሜራው ስክሪን ላይ ሳየው ዝም ብዬ ቆየሁ። ፊቷ ላይ ያለው ብርሃን ከጉንጯ ወደ አገጯ ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው፤ የጥላው ድንበር የት እንደጀመረ አይታወቅም። በእኛ ቆዳ ላይ ይህ ልዩነት በግልጽ ይታያል። ጠቆር ያለ ፊት ቅርጹን የሚያሳየው በአብዛኛው ቆዳው ላይ በሚያርፈው ወዝ ነው። የብርሃኑ ምንጭ ትንሽ ሲሆን ወዙ ግንባር ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ይወጣል። ምንጩ ትልቅና ቅርብ ሲሆን ያው ወዝ ይሰፋል፣ ይደበዝዛል፣ ፊቱን ይቀርጸዋል። ብዙ ሰው ጠቆር ያለ ፊት ሲያነሳ ኃይል መጨመር ብቻ ነው የሚያስበው። ኃይሉ ሳይሆን የብርሃኑ ስፋት ነው ሥራውን የሚሠራው። እርግጥ ትንሽ ላብ ነበራት፣ እናቷ በሶፍት ጠረግ ጠረግ አደረገችላት፣ ያም ረድቷል።

ስፋት ስል ግን ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን 80 ሳንቲ ሜትር ማለቴ አይደለም። ከፊቱ ሆኖ ሲታይ ምን ያህል ይሰፋል የሚለውን ነው። ፀሐይ ወደ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አላት፣ ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለራቀች ሰማይ ላይ ትንሽ ክብ ናት፣ የቀትር ጥላዋም ስለት አለው። ሶፍትቦክስም ሲርቅ እንደዚያው ነው። «ሶፍትቦክስ ገዝቼ ብርሃኑ አልለሰለሰም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንዳቆመው ነው።

ሒሳቡ ያልሞላበት ቦታ

የተመራቂዋ ፎቶዎች በቶሎ አለቁ። አክስቱ ደስ ብሏት «በል እንግዲህ ሁላችንንም አንሳን» አለች። እሱ ግን ወዲያው አልተነሳም።

ሰባት ሰው ሁለት ረድፍ ቢሠራ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ይይዛል። ሶፍትቦክሱን እንደ ቅድሙ ጎን ላይ፣ ከቅርቡ ሰው አንድ ሜትር ተኩል ላይ ብናቆመው፣ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው ሦስት ሜትር ተኩል ይርቃል። ብርሃን ደግሞ በርቀቱ ካሬ ነው የሚቀንሰው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። ስለዚህ ቅርብ ያለው ሰው ከሩቁ ከአምስት እጥፍ በላይ ብርሃን ያገኛል። ወደ ሁለት ስቶፕ ተኩል ማለት ነው (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ሲሆን ነው)። አንዱ ወንድም ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ሆነው ሊወጡ።

መፍትሔው ብርሃኑን ማራቅ ነው። ስታንዱን ወደ ካሜራው ጎን አምጥቶ ከረድፉ ሦስት ሜትር ላይ ቢያቆመው ቅርቡ ሰው ሦስት ሜትር፣ ሩቁ አራት ሜትር ላይ ይሆናሉ። ልዩነቱ ከአንድ ስቶፕ በታች ይወርዳል። የሳጥኑን መሀል በሩቁ ሰው ላይ ካነጣጠርከው ደግሞ ቅርቡ ሰው የሚያገኘው የብርሃኑን ጠርዝ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ይበልጥ ይጠባል።

ግን ይሄ ዋጋ አለው። አንድ ሜትር ላይ ሩብ ኃይል በቅቶ ነበር። ሦስት ሜትር ላይ ያንኑ ብርሃን ለማግኘት ዘጠኝ እጥፍ ያስፈልጋል። ሩብ ሲባዛ በዘጠኝ ከሁለት ሙሉ ፍላሽ በላይ ነው። ያለው ደግሞ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አማተር ይደናገጣል። ጓደኛዬም አማራጮቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አሰበ፤ እኔም አብሬው። አይኤስኦ ቢጨምርስ? ፍላሹም ሰማዩም አብረው ይጨምራሉ፣ ሰማዩ ይነጣል። ሸተሩን አፍጥኖ ሰማዩን እንዳይቀንሰው የሲንክ ገደቡ ያዘው። ሃይ ስፒድ ሲንክስ (ከሲንክ ገደቡ በላይ በፍላሽ የሚነሳበት አሠራር)? ፍላሹ ይችላል፣ ትሪገሩም ይችላል። ግን በዚያ አሠራር ፍላሹ አንዴ በደንብ መብራቱን ትቶ መጋረጃዎቹ አልፈው እስኪጨርሱ ድረስ በፍጥነት ደጋግሞ ስለሚበራ ከኃይሉ ሁለት ስቶፕ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፤ ኃይል ባጠረበት ሰዓት የባሰ ያሳጥረዋል። ኤንዲ ፊልተር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ጠቆር ያለ መስታወት) ሰማዩንም ፍላሹንም እኩል ያጠቁራል፤ አፐርቸር ለመክፈት ይረዳ ይሆናል እንጂ በሁለቱ መካከል ያለውን ሚዛን አይነካም። ሶፍትቦክሱን አውልቆ በባዶ ፍላሽ ማንሳት ይቻላል፣ ጨርቁ የሚበላው ብርሃን ይመለሳል፤ ግን ያኔ የአያትየዋ፣ የእማማ፣ ፊት ላይ እያንዳንዱ መስመር በስለት የተሳለ ይመስላል።

የቀረው መጠበቅ ነው። ፍላሹ ሰማዩን ማሸነፍ ካልቻለ ሰማዩ ራሱ እስኪወርድ ይጠበቃል። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። በሙሉ ኃይል ሦስት ሜትር ተኩል ላይ ፍላሹ የሚሰጠው ኤፍ 5.6 ገደማ ነው። ስለዚህ ሰማዩ ከኤፍ 11 ወደ ኤፍ 5.6 መውረድ አለበት፤ ሁለት ስቶፕ። ፀሐይዋ እየወረደች ስትሄድ በራሱ ይመጣል።

ይህንን የቀረጻው ዋና ውሳኔ አድርጌ ነው የምቆጥረው። ቅርብ ብርሃን የሚፈልገውን የአንድ ሰው ፎቶ ሰማዩ ብሩህ ሳለ መጨረስ፣ ሩቅ ብርሃን የሚፈልገውን የቤተሰብ ፎቶ ለመጨረሻ ማቆየት። ሌላ ዕቃ አልተገዛም። የተቀየረው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

አክስቱ ግን አልጣማትም። ፀሐይዋ ወደ ታች ስትሄድ ስታይ ጭንቅ ያዛት። «ቶሎ በል እንጂ፣ ልትጠልቅብን እኮ ነው!»

«እትዬ፣ እኔም የምጠብቀው እሱን ነው።»

ነፋሱ

መሀል ላይ ሐይቁ ነፋስ አመጣ። ሐዋሳ ላይ ማለዳ ውኃው ጸጥ ይልና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ለዚህ ቦታ የተለመደ ነው። ሶፍትቦክስ ደግሞ ነፋስ ሲያገኘው እንደ ጀልባ ሸራ ነው የሚወጠረው። ስታንዱ ቀላል ስለሆነ በሁለት እጄ ይዤው እንኳን ይጎትተኝ ነበር።

ወንድሞቿ ያደረጉት ነገር ከየትኛውም የተገዛ ዕቃ በላይ ጠቀመን። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ፈልገው ውኃ ሞሉ፣ ፌስታል ውስጥ አድርገው የስታንዱ መገናኛ ላይ አሰሩት። ሁለት ጠርሙስ አራት ኪሎ ነው። ፌስታሉ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ነው የታሰረው፤ ከፍ ብሎ ከተንጠለጠለ ራሱ እየተወዛወዘ ስታንዱን ይነቀንቃል። ከስታንዱ ሦስት እግር አንዱ ደግሞ ብርሃኑ ወደ ተዘረጋበት አቅጣጫ መዞር አለበት፣ ክብደቱ የሚያዘነብለው ወደዚያ ነውና። እንዲያም ሆኖ እጄን አልለቀቅኩም። ውጭ ላይ ሶፍትቦክስ የምትጠቀሙ ሰዎች፣ የሚይዝ ሰው ሳይኖር አታቁሙት፤ በተለይ ሕፃናት በሚሮጡበት ቦታ። ሐይቁ ዳር ደግሞ ብልጭታ የሚያይ ልጅ ሁሉ ሊያይ ይመጣል።

ቆቡና መነጽሩ

12 ሰዓት ከሃያ አካባቢ ሰማዩ ኤፍ 5.6 ላይ ደረሰ። ቤተሰቡ ተሰለፈ። 18-55ቱ 35 ሚሊ ሜትር ላይ ሆኖ ከአራት ሜትር ተኩል በኤፍ 5.6 ሁለቱንም ረድፍ ጥርት አድርጎ ይይዛል፤ ስለዚህ የፎከስ ጭንቀት አልነበረም።

አያትየዋ መሀል ተቀመጡ። ለብርሃኑ ቢሆን ኖሮ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ከፍላሹ ራቅ ብሎ፣ ጥቁር ጋውን የለበሰው ቀረብ ብሎ ቢቆም ይመረጣል። ግን እማማን ከመሀል አንስቶ ጥግ ማስቀመጥ አይታሰብም፣ እሱም አላሰበውም። መሀል ሆነው ብርሃኑ ለእሳቸው ተስተካከለ። መለኪያው ነጠላው ነበር። ካሜራው ላይ የነጣውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ከፍቶ፣ የነጠላው እጥፋት ላይ ምንም እስከማይበልጭ ድረስ ስታንዱን ጥቂት ወደ ኋላ አስኬደኝ። ነጭ ሸማ ላይ አንዴ የጠፋ ነገር በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም። የጥቁር ጋውን እጥፋት ግን በሮው (ካሜራው ባልተቀነባበረ ፋይል) ከተነሳ ብዙውን ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ ነጩን ጠብቀህ ጥቁሩ ወደሚወድቅበት እንዲወድቅ ትተዋለህ።

«እማማ፣ ብልጭ ሲል አይደንግጡ እሺ።»

«የምን መደንገጥ ልጄ። ዓይኔን ነው ያጠፋኸው።»

ሁሉም ሳቁ፤ ከተነሱት መካከል አንዱ ጥሩ ፎቶ ያ ነው።

አስቸጋሪው ሌላ ነበር። የተመራቂዋ ቆብ ጠፍጣፋና ወደ ፊት የወጣ ጠርዝ ያለው ነው። ብርሃኑ ከላይ ሲመጣ ጠርዙ ግንባሯንና ዓይኖቿን ያጠላል። ስለዚህ ሶፍትቦክሱ ዝቅ ማለት አለበት። አጎቷ ደግሞ ወፍራም መነጽር አላቸው። ብርሃኑ ዝቅ ሲል ሶፍትቦክሱ መነጽሩ ላይ ነጭ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ዓይናቸው ይጠፋል። ስለዚህ ከፍ ማለት አለበት። አንዱን ስታድን ሌላውን ታጣለህ። እሱ «ትንሽ ከፍ»፣ «ትንሽ ዝቅ» ሲለኝ ስታንዱን ስዘረጋና ስሰበስብ ቆየሁ። በመሀሉ ሁለቱንም የሚያስማማ ቁመት የለም።

መውጫው ሰዎቹን መንካት ነው። ብርሃን መስታወት ላይ በመጣበት ማዕዘን ነው የሚመለሰው። መነጽሩ በብርሃኑና በካሜራው መካከል ወዳለው አቅጣጫ ካልዞረ ነጸብራቁ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ ጋሼን ፍላሹ ባለበት ጎን ጫፍ ላይ አቆማቸውና «ወደ ልጆቹ ዞር ይበሉልኝ» አላቸው። ሰውነታቸውም ፊታቸውም ወደ ቤተሰቡ መሀል ዞረ፣ ማለትም ከብርሃኑ ራቅ አለ። ነጸብራቁ ጠፋ። ትንሽ ሲቀር ደግሞ የመነጽሩን እግር ከጆሯቸው ላይ ጥቂት ብድግ አደረገው፣ መስታወቱ ወደ መሬት አዘነበለ። ከካሜራው ሲታይ ማንም አያውቅም። ጥግ ላይ ያለ ሰው ወደ መሀል ሲዞር ደግሞ ፎቶው ራሱ ይሰበሰባል፣ ቤተሰብ ቤተሰብ ይመስላል። አሁን ብርሃኑ ለቆቡ ሲል ዝቅ ማለት ቻለ። ቆቡንም እናቷ ከግንባሯ ላይ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችላት።

ብርሃን የሚያንቀሳቅሰው ስታንድ ብቻ እንዳልሆነ በዚህ ገባኝ። አንድ ትከሻ አምስት ዲግሪ ማዞር አንዳንዴ አንድ ሜትር ከማንቀሳቀስ ይበልጣል።

ሌላ ነገርም እዚህ ተስተካክሏል። ጥቁር ጋውን ከሐይቁ ማዶ ባሉት ጠቆር ያሉ ኮረብቶች ላይ ሲያርፍ ትከሻዋ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ጓደኛዬ በጉልበቱ ተንበረከከ። ካሜራው ዝቅ ሲል የቆሙት ሰዎች ትከሻ ከኮረብታው በላይ ወጥቶ ብሩህ ሰማይ ላይ አረፈ። ሁለተኛ ፍላሽ ከኋላ ቢኖር ኖሮ የሚሠራውን ሥራ ሰማዩ ሠራው።

ቀለሙ

ፍላሽ የቀትር ብርሃን ቀለም ነው ያለው፣ 5500 ኬልቪን አካባቢ (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ ብርቱካናማ ይሞቃል)። ከኋላ ያለው ሰማይ ደግሞ ብርቱካናማ ሆኗል። ሁለቱ ዝም ብለው ሲገናኙ ሰዎቹ ስቱዲዮ ተነስተው ሐይቁ ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ። ስለዚህ ፍላሹ ጭንቅላት ላይ ሩብ ሲቲኦ የሚባለውን ቀለል ያለ ብርቱካናማ ጄል (ባለቀለም ላስቲክ) አድርጎ ነበር፤ ብርሃኑን ወደ 4500 ኬልቪን ያሞቀዋል። ዋይት ባላንሱ (የካሜራው የቀለም ሚዛን) የቀን ብርሃን ላይ እንዳለ ተተወ። ጄሉ የስቶፕ ሲሶ ያህል ብርሃን ይበላል፣ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለነበረ ልኬቱ ውስጥ ተቆጥሯል። ጄል የሌለው ሰው የስጦታ መጠቅለያ ብርቱካናማ ላስቲክ ሲጠቀም አይቻለሁ። ይሠራል፤ ሆኖም በሙሉ ኃይል ደጋግመህ ስታበራ ቀልጦ የፍላሹ መስታወት ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ትንሽ ራቅ አድርጎ ማሰር ይሻላል።

ሰማዩን መከተል

የመጀመሪያዎቹ የቤተሰብ ፎቶዎች በሙሉ ኃይል ነው የተነሱት። በሙሉ ኃይል ፍላሹ ለመሙላት ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ ይረዝማል። መሙላቱን የምታሳየው የፍላሹ መብራት ሳትበራ ከተነሳ ፎቶው ይጨልማል። ስለዚህ እሱ ካሜራውን፣ እኔ ያቺን ትንሽ መብራት እያየን «አሁን» እላለሁ። ቻርጅ የሚደረጉት ድንጋዮች 1.2 ቮልት ናቸው፣ ተራዎቹ አልካላይን 1.5፤ ቁጥሩ ቢያንስም ቻርጅ የሚደረጉት ፍላሹ የሚጠይቀውን ከባድ ከረንት በደንብ ስለሚሰጡ ቶሎ ይሞሉታል። ለፍላሽ እነሱን ግዙ።

ፀሐይዋ ከኮረብታው ስትደርስ ሰማዩ አንድ ስቶፕ ወረደ። እዚህ ላይ ያደረገውን ወድጄለታለሁ። አይኤስኦውን ወደ 200 አወጣ፣ ፍላሹን ወደ ግማሽ ኃይል አወረደ። የፊቶቹ ብርሃን ያው ነው፣ ምክንያቱም እጥፍና ግማሽ ይጣፋሉ። የደበዘዘው ሰማይ ግን ወደ ነበረበት ተመለሰ። ፍላሹም እፎይ አለ፤ አሁን በግማሽ ጊዜ ይሞላል።

ከዚያ በኋላ ጣቱ የነካው ሸተሩን ብቻ ነው። 1/200፣ 1/160፣ 1/125፣ 1/100፤ ሰማዩ በጨለመ ቁጥር አንድ ደረጃ ዝቅ። ፊታቸው ላይ የሚያርፈው የፍላሹ ብርሃን አልተለወጠም፣ ሰማዩ ብቻ ከወርቃማ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ሐምራዊ ሄደ። 1/60 ላይ ቆመ። ከዚያ በታች ትንሿ ልጅ ስትንቀሳቀስ ጠርዟ መደብዘዝ ይጀምራል። የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ምሽቱ ቶሎ ነው የሚወርደው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው ያለህ። በዚያች ሰዓት ሜኑ ውስጥ የሚገባ ሰው ሰማዩን ያጣዋል።

የወጣው ፎቶ

ቤተሰቡ የመረጠው ከፀሐይዋ መጥለቅ ትንሽ በኋላ የተነሳውን ነው። ሰባቱም ፊት እኩል በርቷል። በሁለቱ ጫፍ ባሉት መካከል ልዩነት አለ፣ ግን ፈልገህ ነው የምታገኘው። የእማማ ነጠላ ጥለቱ ይታያል፣ የሸማው ሽመና ሳይቀር።

ከተመራቂዋ ብቻዋን ከተነሳችው ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ግን ልዩነቱ አይደበቅም። 80 ሳንቲ ሜትር ሳጥን ሦስት ሜትር ላይ ትንሽ ምንጭ ነው። ዓይናቸው ውስጥ ያለችው የብርሃን ነጥብ ትንሽ ናት፣ የአፍንጫ ጥላ ድንበሩ ይለያል። ሰማዩ ከላይ ስለሚሞላው አይከብድም፣ ግን ያ ቀስ እያለ የሚጠፋው ጥላ የለም። ሊኖርም አይችልም። በአንድ ትንሽ ሶፍትቦክስ እኩልነትንና ልስላሴን ለሰባት ሰው በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም፣ ለቤተሰብ ፎቶ ደግሞ እኩልነቱን መምረጡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ማንም እናት የልጇ ፊት ጥግ ላይ ጨልሞ «ጥላው ግን ለስላሳ ነው» ቢሏት አትቀበልም። ልስላሴውን የሚፈልግ ሰፊ ነገር ያምጣ፤ ሁለት ፍላሽ በአንድ ትልቅ ነጭ ዣንጥላ ውስጥ ቢገባ አንድ ስቶፕ ይጨምራል፣ ስፋቱም ይመጣል፤ ነፋስ በሌለበት ቀን።

ለኅትመት ሲሰጥ አንድ ማስተካከያ ብቻ ቀርቶ ነበር። ስክሪን ላይ የሚታየው የጋውኑ እጥፋት ወረቀት ላይ ይጠፋል፣ ወረቀት ከስክሪን ያነሰ ብሩህነት ነው ያለውና። ስለዚህ ትልቁን ከማሳተሙ በፊት ጋውኑና ነጠላው አብረው ያሉበትን ቁራጭ ብቻ በትንሽ ወረቀት አሳተመ። ጋውኑ አንድ ጥቁር ጨርቅ ሆኖ መጣ። የጥቁሩን ክፍል ብቻ ወደ ግማሽ ስቶፕ አነሳው፣ ነጠላውን አልነካውም፣ ሁለተኛው ቁራጭ ላይ የእጅጌው እጥፋት ተለየ። ትልቁ የታተመው ከዚያ በኋላ ነው።